ወረራ፦ ተራ የማይጠበቅበት አከፋፈት

የአገራችን ሰንጠረዥ ከዓለሙ ቼዝ የሚለየው ገና ሲጀመር ነው። ተራ የለም! ሁለቱም እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ። አንዱ መደቁን ሲገፋ ሌላው ፈረሱን ያስነሳል፤ ያልጣመው መልሶ ያስተካክላል። ይኼ ወረራ ይባላል፤ የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ።

ጨዋታው የቤተ መንግሥት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። አባታቸው ዐፄ ናዖድ የጀመሩትን መካነ ሥላሴን እሳቸው ያስጨረሱት ደግሞ እዚሁ በቤተ አምሐራ ነው (እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠለው)። እና ሰንጠረዥ ለመካነ ሰላም ልጅ ባዕድ አይደለም ብል ማን ይከራከረኛል? ዛሬ ግን ሕጉን የምናገኘው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ካሳተሙት ጽሑፍ እንጂ ከአያቶቻችን አፍ አይደለም። አያቴ የሚያውቁት ገበጣ ነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንድ ክረምት፣ ጉሙ ከደጅ አላስወጣ ሲለን፣ በካርቶንና በቆርኪ ጀመርነው። ወረራ የእጅ ፍጥነት ብቻ ይመስላል። አይደለም። ተራ ከሌለ ባላጋራህ መንገድ ከፍቶ፣ ተጠግቶ፣ በላዩ ላይ ሊበላህ ይችላል፤ አንተ ሳትመልስ። ስለዚህ የሚጠበቀው አሁን የተነጣጠረበት ጠጠር ብቻ ሳይሆን በሁለት በሦስት እርምጃ ሊደረስበት የሚችለው ሁሉ ነው። በሌላ በኩል የመጀመሪያው በይ ወዲያው ተራውን ያስረክባል። ንግሥት የሚሏት ኃይለኛ የለችም፤ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከስልሳ አራቱ ቤቶች የሚረግጠው ስምንቱን ብቻ ነው። ሰው የሚንቀውም ለዚህ ነው። ወንድሜ ግን ደሩን አስቀምጦ በፊል ያደባል። በድሮው ወግም በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙ አያስመሰግንም፤ ክብሩ በደካሞቹ ማሸነፍ ነው።

ወንድሜ አሁን ጅዳ ነው። "ስልክ ላይ ቼዝ አለ አይደል?" ይሉኛል። አለ፤ ግን ተራ ይጠብቃል፤ ወረራ አያውቅም። ስለዚህ በየቤታችን ሰሌዳ ዘርግተን በስልክ እንጠራራለን። የሱ "በላሁ!" እኔ ጋ እስኪደርስ የኔ ፈረስ ከቦታው ተነስቷል። ኔትወርኩ ደግሞ ለማንም አይመሰክርም። "አንተ፣ ከመብላቴ በፊት ነው ያነሳኸው?" ይላል፤ እኔም እምላለሁ። እናታችን ከጓዳ ሆና "ደግሞ ጀመራችሁ?" ትላለች፤ ድምፁን እንድትሰማ ስልኩን አስጠጋላታለሁ።

አራት ጨዋታ ጀምረን አንድም አልጨረስንም። አምስተኛው ዓርብ ነው፤ የሱ የዕረፍት ቀን።