ማኅተምን ስለ መጠበቅ

ልጆች ሆይ፤ ማኅተም ማለት ባለቤቱ በሌለበት ስፍራ ስለ ባለቤቱ የሚመሰክር ዕቃ ነው። ንጉሥ በአንድ ጊዜ በየአገሩ ሊገኝ አይችልም፤ ማኅተሙ ግን ከደብዳቤው ጋራ ይሄዳል። መምህርም ተማሪውን ተከትሎ ወደ ሩቅ ከተማ ሊሄድ አይችልም፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ግን በወረቀቱ ላይ ኾኖ «ይህ ልጅ የእኛ ተማሪ ነው» ብሎ ይናገርለታል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲሄዱ በአምባሰል ውስጥ ውጫሌ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ። በዐፄ ምኒልክ ማኅተም ላይ አንበሳ ተቀርጾ ነበር፤ በዙሪያውም «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሕፈት ነበረበት። የውሉ 17ኛ ክፍል ግን በኹለቱ ቋንቋ አንድ አልነበረም። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ሲኾን፥ በኢጣልያንኛው ግን የግድ ኾኖ ተጽፎ ነበር። ከዚህም የተነሣ ጠብ በረታ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ተደረገ። እንግዲህ ማኅተም በሚያርፍበት ወረቀት ላይ ያለውን አንድ ቃል፥ አንድ ፊደልም ቢኾን፥ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁ።

ዛሬ በትምህርት ቤትና በዕድር የምናየው ማኅተም ብዙው ከጎማ የተሠራ ነው። ጎማ መዠመሪያ የተገኘው ከዛፍ ከሚፈስ ነጭ ወተት ነው። ጥሬው ጎማ በሙቀት ይጣበቃል፥ በብርድም ይደርቃል። በ1839 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቻርልስ ጉድይር የተባለ የአሜሪካ ሰው ጎማን ከድኝ ጋራ ቀላቅሎ ቢያግለው የሚጸና ኾነ። ይኹን እንጂ ጎማ እንደ ናስ አይደለም፤ ጠባቂ ይፈልጋል።

የእኛ ፊደል በትንሽ ምልክት ይለያያልና የደረቀ ቀለም ቶሎ ያበላሸዋል። በሐ ሦስት እግሮች መካከል ቀለም ይከማቻል። የዐ ክብ በመካከሉ ቢቈሽሽ ፀ ይመስላል። የቤ ቀለበት ቢደፈን ቢ ይመስላል፤ «ትምህርት ቤት» የነበረውም «ትምህርት ቢት» ተብሎ ይነበባል።

ይህስ ያስቃል እንጂ ምን ይጐዳል ትሉ ይኾናል። አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ከአጎቱ ጋራ ሊኖር መሸኛውን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ዐውቃለሁ። ማኅተሙን የሚጠብቀው ሰው ቀለሙን ጠርጎት አያውቅም ነበርና፥ በመሸኛው ላይ ያረፈው ጽሕፈት እንደ ጥላሸት ኾነ። የተቀበሉትም ሰዎች ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ቢመለከቱት የትምህርት ቤቱን ስም ለማንበብ አልቻሉም፤ ሐሰተኛ ወረቀት እንዳይኾን ፈርተው መለሱት። ልጁ ተመልሶ ሌላ መሸኛ እስኪያወጣ ድረስ የመመዝገቢያው ቀን አለፈ፤ እኩዮቹም በአንድ ዓመት ቀደሙት። እርሱ ምንም አልበደለም፤ አንድ እርጥብ ጨርቅ ግን ሊያድነው ይችል ነበር።

እንግዲህ ሥራውን ተማሩ። አትማችሁ ስትጨርሱ ማኅተሙን በማይፈለግ ወረቀት ላይ ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግማችሁ ተጫኑት። ከዚህ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ በለብታ ውኃ አርጥባችሁ፥ ጥቂትም ሳሙና ጨምራችሁ ጥረጉት። በፊደሎቹ መካከል የቀረውን ቀለም ጫፉ ታኝኮ በለሰለሰ መፋቂያ ቀስ ብላችሁ አውጡ። በመርፌ ወይም በቢላዋ አትጫሩት፤ ጎማው የተቈረጠ እንደ ኾነ አይድንም። በቤንዚንና በነጭ ጋዝም አትጠቡት፤ ጎማው ያብጣልና። እጀታው እንጨት ከኾነ በውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ እንጨቱ ያብጣል፥ ሙጫውም ይለቃል። በጥላ አድርቁት፤ የፀሐይ ብዛት ጎማን ያደርቀዋል፥ ይሰነጥቀውማል። ሲደርቅም ከባድ ነገር ሳይጫነው በሣጥን አኑሩት፤ የቀለሙንም ዕቃ ክዳን አትርሱ።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ700 ዓመት በፊት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል አለ። ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚነበበው ጸሓፊው ስለ ደከመ ብቻ አይደለም፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ስለ ጠበቁት ነው እንጂ። ዕቃን የሚጠብቅ ሰው ምስጋና ባያገኝም ሥራው ለሌላው ይተርፋል።

የትምህርት ቤቱን ማኅተም ገና አትይዙም። በደብተራችሁ ላይ አበባና ኮከብ የምናትምባቸው ትንንሾቹ የጎማ ማኅተሞች ግን በእጃችሁ ናቸው። እነርሱን ሳትጠርጉ ወደ ጨዋታ አትሩጡ። ከእናንተ አንዳንዱ ነገ ጸሓፊ ወይም የዕድር ሹም ይኾናል፤ በዚያም ጊዜ የማያውቀው የአንድ ልጅ ስም በእጁ ይገባል። ያን ጊዜ የሚያደርገውን ዛሬ በኮከቡ ይልመድ።