ማን ጣለን?

ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ሲሙሌተር አውሮፕላን የሚያበር ሰው ሁለት ዓይነት መውደቅ ያውቃል። አንዱ ፍጥነቱን ሳያይ አፍንጫውን ሽቅብ ሲጎትት ክንፉ አየር ከድቶት የሚመጣው ነው። ሌላው ጎማው መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ቀጥ ይልና ፕሮግራሙ እልም የሚለው። የመጀመሪያው ያናድዳል፣ ግን ያስተምራል። ሁለተኛው ማናደድ ብቻ ነው፤ እጅህ ይሁን ነፋሱ ምን እንዳጠፋ ሳታውቅ ትነሳለህ።

እንዲህ የተማረረ ሰው ሌላ ሲሙሌተር ሲፈልግ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ያምራል?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። የዘመኑ ሲሙሌተር የዓለምን የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት እየሳበ የቤትህን ጣሪያ ሳይቀር ያሳይሃል። ኔትወርክ ሲደክም ወይም የሩቁ ሰርቨር ሲጨናነቅ ግን ተራራው ይደበዝዛል፣ በረራውም ይንተባተባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሲሙሌተር ሲጀመር እኮ የሚታይ ነገር አልነበረውም። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ቢንግሃምተን ከተማ፣ ቤተሰቡ ፒያኖና ኦርጋን ከሚሠራበት ፋብሪካ የተማረውን ይዞ በኦርጋን ወናፍ የሚወዛወዝ ማሠልጠኛ ሠራ። ሠልጣኙ ገብቶ ክዳኑ ሲዘጋበት ከፊቱ ካሉት መሣሪያዎች በቀር ምንም አያይም። የአሜሪካ ጦር በ1934 (እ.ኤ.አ.) ስድስት የገዛው፣ ፖስታ እንዲያመላልሱ ያዘዛቸው አብራሪዎች በክፉ አየር እየተከሰከሱ ካለቁበት በኋላ ነው። ማሠልጠኛው ዓይን ባይኖረውም የሠልጣኙን ስህተት ለሠልጣኙ ያሳይ ነበር።

እኔም ምትክ ስመርጥ መመዘኛዬ ይኸው ነው፤ ከወደቅኩ የጣልኩት እኔ ልሁን። ኤክስፕሌን የተባለው ሲሙሌተር ክንፉን ከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚያርፈውን የአየር ኃይል ለየብቻ ያሰላል፤ ከመግዛትህ በፊት በነጻ የምትሞክረው ናሙናም አለው። ፍላይትጊር ደግሞ ፈቃደኞች የሚሠሩት ሲሙሌተር ነው፤ መልኩ ደብዘዝ ቢልም ዋጋ አይጠየቅበትም። በሁለቱም የምትበርበትን አገር መልክዓ ምድር አስቀድመህ አውርደህ ማስቀመጥ ትችላለህ። እነሱም አይጠፉም ማለት አይደለም። ስለዚህ ተጨማሪ ጌጣጌጥ ሳትጭን ባዶውን ፈትነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሴስና 172 አውሮፕላን ቦሌ ላይ አቁም። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው። ቀዩን የነዳጅ ድብልቅ ማስተካከያ እስከ ጥግ ገፍተህ ከተነሳህ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ይልፈሰፈሳል፤ ፍጥነቱም አልሞላ ይላል። ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ስታደርገው ጉልበቱ ይመለሳል። ሲሙሌተሩ ይህን ካሳየህ፣ ደግሞም እስክታርፍ ድረስ ሳይጠፋ ከቆየ፣ ያዘው። የቤትህን ጣሪያ ለማየት እንደሆነ ደጅ ወጥቶ ቀና ማለት ይበቃል።