ለልጃገረዶቹ ፈረስ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ይርጋጨፌ ላይ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፣ ለቀማው ጥቅምትን ይጠብቃል። ታዲያ ልጃገረዶቻችን ውኃ ሲቀዱ ብቻ ይክረሙ? እናንተዬ፣ ፈረስ ይማሩ እንጂ! ደጋው ቡሌ ፈረስ መች ያጣል? መጀመሪያ ማብላት፣ ገላውን ማሸት፣ ሰኮናውን አንስቶ ጭቃውን መጥረግ፤ ኮርቻው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፈረስ የሚፈራውን ሰው ያውቃል፣ የሚያረጋጋውንም።

በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ሳይቀር ያስባል፤ ሜዳው በጉግስ ይናወጣል። የኛዎቹም ዘንድሮ ይጀምሩ፤ ለመጪው ጥር ወስደን እናሳያቸው። እናቶች «ትወድቃለች» ይላሉ። እውነት ነው፤ ለዚያም ነው ልጓሙን ይዞ አብሯት የሚራመድ አሠልጣኝ አስቀድመን የምንፈልገው።