ቡችላው ከሳጥኑ ሲወጣ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ውሻ ነው። "ዶክተር፣ የእንስሳት ሐኪም ሆንክ እንዴ?" እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ የልጆቻችሁ ነው፣ የደረሰውም በእኔው ልጅ ላይ ነው።

እናቴ የምትኖረው ሮብ ገበያ ነው። ለማታውቋት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ረቡዕ ገበያ ይቆማል፤ በጉም ድንቹም በእናቴ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። ጎረቤት አንድ ቡችላ ሰጣትና ነብሮ አለችው። ወንድሜ ከአጣና ሳጥን መትቶ ከአጥሩ ጥግ አስቀመጠለት። ሐሳቡን ታውቁታላችሁ፦ "ሰው ካልለመደ ኃይለኛ ይሆናል፣ ሌባ አያስደርስም።" ነብሮ ከሁለት ወር በላይ የኖረው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ምግቡን በቀዳዳ ይጥሉለታል፤ የሚያየው የሚያልፍ እግር ብቻ ነው።

እኛ ልንጠይቃት የሄድነው ረቡዕ ቀን ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጄ ቡችላው ሲያለቅስ አንጀቱ አልችል አለና መቀርቀሪያውን ሳበለት። ጥጃ ሲፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የሆነው። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ የተሰጣውን ገብስ በተነ፣ ከዚያ ልጁ ላይ ዘለለ። ልጁ እየጮኸ ሮጠ። ለቡችላ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ተከትሎ እጁን ያዘው። ሁለት ትንንሽ የጥርስ ቀዳዳ፣ ጥቂት ደም።

እናቴ "ቡችላ አያብድም ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን እናድርግበት" አለች። አሁን የምነግራችሁን አፍሬ ነው የምጽፈው፤ እኔም ለአንድ ደቂቃ ያህል "ቡችላ ነው፣ ምን ይሆናል" ብዬ ቆምኩ። እንዲህ የሚል ወላጅ ክሊኒክ ቢመጣ ተቆጥቼ ነበር የምመልሰው።

ቡችላ ያብዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ዕድሜ አይመርጥም። በዓለም ላይ ሰው በዚህ በሽታ ሲያዝ ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከነከሳቸው ሰዎች ውስጥም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው ነው። ቁስሉ ድኖ፣ ነገሩ ተረስቶ፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ሽንኩርቱን ትተን ጀሪካኑን አነሳን። እናቴ ውሃውን እያንቆረቆረች፣ እኔ በሳሙና እያሸሁ፣ 15 ደቂቃ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምትገምቱት በላይ ረጅም ነው። ልጁ ሲያለቅስ "ይበቃዋል" ማለት ያምራችኋል፤ አይበቃውም። ቫይረሱን ከቁስሉ የሚያጥበው ሳሙናና ውሃ ነው። ቅጠል፣ ቡና፣ ቅባት አታድርጉበት፤ ጠበቅ አድርጋችሁም አትሰሩት። ጸበል መጠመቅ የምትፈልጉ ተጠመቁ፣ ክትባቱን ግን እሱ እስኪያልቅ አታቆዩት። እኛ በዚያው ቀን ደብረ ማርቆስ ወርደን አስጀመርነው። ደም የወጣበት ንክሻ ከሆነ ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ መኖሩን ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሸሸው የድሮውን መርፌ እያሰበ ነው። እውነት ነው፣ ከበግ አንጎል የሚሠራው የቀድሞው ክትባት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው። አዲሱ እንደዚያ አይደለም፤ ክንድ ላይ፣ ለሕፃን ደግሞ ጭን ላይ፣ በቀጠሮ ጥቂት ጊዜ ነው። ቀጠሮ አትዝለሉ።

አሁን ወደ ነብሮ ልመለስ። ወንድሜ ዱላ ይዞ ቆሞ ነበር። ልገድለው አለ። ከለከልኩት፤ አዝኜለት ብቻ ግን አይደለም። የነከሰ ውሻ በሕይወት ካለ 10 ቀን ተዘግቶበት ይጠበቃል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ክትባቱ ይቀጥል ይቁም የሚለውን ሐኪማችሁ ይወስናል። ገድላችሁ ብትጥሉት ይህን የምታውቁበት መንገድ ይጠፋል። ነብሮ 10 ቀን ሳጥኑ ውስጥ ቆየ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ጮኸ፤ ምንም አልሆነም። በ11ኛው ቀን ወንድሜ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ወስዶ አስከተበው። መከተብ የነበረበት ገና ሦስት ወር ሲሞላው ነበር። የትል መድኃኒትም ሰጡት።

"ታዲያ አሁን ይታሰር ወይስ ይፈታ?" አለችኝ እናቴ በስልክ።

ይፈታ አልኳት። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተሠራና በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ የነከሱት በግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ይበልጥ ነበር። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ግድም ባለው ጊዜ ነው ሰውን፣ ልጅን፣ በግን፣ ድምፅን የሚለምደው። እኛ ይህን ጊዜ ሳጥን ውስጥ አሳለፍንበት፤ እንዲያስፈራ ብለን የሚፈራ ውሻ አሳደግን። የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባና ልጅ አይለይም።

ግን በአንድ ቀን አይፈታም። ልጄ በሩን ሲከፍት የሆነውን አይታችኋል። እናቴ ያደረገችው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ሽንቱን ከሸና በኋላ፣ አጥሩ ተዘግቶ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ፤ አንገቱ ላይ ቀላል ገመድ እንደተንጠለጠለ። ሲረጋጋ ፍርፋሪ እንጀራ፣ ሲዘል ጀርባዋን ትሰጠዋለች። እየቆየ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። ካበላሸ አትመታውም፤ በማግስቱ ጊዜውን ታሳጥርበታለች። ሳጥኑን አላነሳችውም፤ በሩን ነቅላ ገለባ አነጠፈችበት፣ አሁን መኝታው ነው። ረቡዕ ቀን ግን አዲስ ነገር አትሞክርም። ያን ሁሉ በግና ሰው እያየ ትዕግሥት ይማራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ቤት የምታስገቡት ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ ያለውን ሁሉ እዩ፦ የአይጥ መርዝ፣ የአያት ክኒን፣ ጫማ። ቡችላ ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ ያገኘውን ያኝካል።

ስለ ትል አንድ ነገር ልጨምር፣ በግ በሚታረድበት አገር ስለሆንን። ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ ለውሻ መወርወር የቆየ ልማዳችን ነው። ያ ውሃ የቋጠረው እጢ ውስጥ የትል እጭ አለ፤ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በልጁ እጅ ወደ አፉ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ላይ ያንኑ እጢ እናገኛለን። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሌላው ክፍል ሥጋም ቢሆን ተቀቅሎ ይሰጠው። ግቢ የተፈታ ውሻ ዓይነ ምድሩን በየቦታው ስለሚጥል በየቀኑ ማንሳት አለባችሁ። የተለመደው የቡችላ ወስፋት እንቁላል ሰው የሚይዘው አፈር ላይ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ስለሆነ ቶሎ ማንሳት ይጠቅማል። ልጆች ከአፈር ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ልጄን ያስተማርኩት ጥቂት ነው። ሲበላና ሲተኛ አትጠጋው፤ ሲመጣብህ አትሩጥ፣ እንደ ዛፍ ቁም፣ እጅህን ሰብስብ፣ ዓይኑን አትይ። ትልቅ ሰው በሌለበት ሁለቱ ብቻቸውን አይሆኑም፤ ይህ ለልጄ ሳይሆን ለእኔ የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። ነብሮ ገበያተኛው ሲያልፍ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሞ ያያል አሉ፤ ጎረቤት ሲገባ ጅራቱን ይቆላል። "ኃይለኛ አልሆነልኝም" ብላ ተማረረች። ሌሊትስ አልኳት። "ሌሊትማ ኮሽ ሲል ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።"