ከመዘረፍ መናቅ፦ የጃኮብ ዙማ ዘመንና የደቡብ አፍሪካውያን ምሬት

የሕዝብ ምሬት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በጠፋው ገንዘብ መጠን ነው። ይሁን እንጂ በቅሌት ላይ ቅሌት የደራረቡ አስተዳደሮችን ታሪክ በቅርበት የሚመረምር ሰው፣ ከምዝበራው ይልቅ ከምዝበራው በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ሕዝብን ይበልጥ እንደሚያንገሸግሸው ይረዳል። ቁጣ፣ ምሬትና ተስፋ መቁረጥ ተቀራራቢ ቃላት ቢመስሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ቁጣ ለአንድ ድርጊት የሚሰጥ የአፍታ ምላሽ ሲሆን፣ ምሬት ቁጣው ሰሚ አጥቶ ሲከርም የሚፈጠር፣ ግን መልስ መጠበቁን ገና ያልተወ ስሜት ነው፤ ተስፋ መቁረጥ ደግሞ መጠበቁም ሲቀር ይመጣል። ከ2009 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካን በፕሬዚዳንትነት የመሩት የጃኮብ ዙማ ዘመን፣ አንድ ሕዝብ በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች እንዴት እንደሚያልፍ በግልጽ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዙማ ሥልጣን ሲይዙ የተጠሉ ሰው አልነበሩም። መደበኛ ትምህርት ያልቀመሱ፣ በልጅነታቸው ከብት የጠበቁ፣ በአፓርታይድ ዘመን በሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰሩ ታጋይ በመሆናቸው፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን ታቦ ምቤኪን ከሕዝብ የራቁ ምሁር አድርጎ ያይ የነበረው ድሃ ዙማን እንደ ራሱ ሰው ተቀብሏቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ቅሌቱ ከእርሳቸው ቀድሞ ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር፤ የገንዘብ አማካሪያቸው የነበሩት ሻቢር ሼክ በ2005 በሙስና ጥፋተኛ ተብለው 15 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ በዙማ ላይ የተመሠረተው ክስ ግን ከ2009ኙ ምርጫ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ተነሥቷል። እንግዲህ በኋላ የመረረው ሕዝብ መጀመሪያ እያወቀ ያለፈ ሕዝብ ነበር፤ ምሬቱንም ከተራ የተቃዋሚ ጥላቻ የሚለየው ይኸው ነው።

የምሬቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር ንካንድላ በተባለች የገጠር ቀበሌ ተጻፈ። በዚያ የሚገኘው የፕሬዚዳንቱ የግል መኖሪያ «የጸጥታ ጥበቃ ማሻሻያ» በሚል ስም በመንግሥት ወጪ ሲታደስ፣ ወጪው ወደ 246 ሚሊዮን ራንድ እንደሚደርስ በመጋቢት 2014 የወጣ የምርመራ ዘገባ ይፋ አደረገ። ዘገባውን ያወጡት ቱሊ ማዶንሴላ ነበሩ። እርሳቸው ይመሩት የነበረው መሥሪያ ቤት በ1996ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመ፣ ዜጎች በመንግሥት አካላት ላይ የሚያቀርቡትን አቤቱታ የሚመረምር ሲሆን፣ አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ተቋም «እንባ ጠባቂ» የሚል የተዋበ ስም አለው። ማዶንሴላ ከጥበቃ ጋር አይገናኙም ያሏቸውን ነገሮች በስም ለዩ፦ የጎብኚዎች ማረፊያ፣ የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት፣ ከቤት ውጭ የተሠራ አምፊቴአትር፣ እንዲሁም የመዋኛ ገንዳ። ለእነዚህ ከወጣው ወጪ ተገቢውን ድርሻ ፕሬዚዳንቱ ከኪሳቸው እንዲከፍሉም ወሰኑ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በብዙ አገር የሚታይ ተራ ብልሹ አሠራር ነው፤ ከዚያ የተለየ ያደረገው የተሰጠው መልስ ነው። በግንቦት 2015 የፖሊስ ሚኒስትሩ ናቲ ንሌኮ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ፕሬዚዳንቱ የሚከፍሉት አንዳች ዕዳ እንደሌለ አስታወቁ። አምፊቴአትር የተባለው አፈር እንዳይንሸራተት የሚደግፍ ግንብ፣ የመዋኛ ገንዳ የተባለውም እሳት ቢነሣ ማጥፊያ የሚሆን የውኃ ማጠራቀሚያ መሆኑን አስረዱ። ቃላቸው እንዳይጠረጠርም ተንቀሳቃሽ ምስል አስከትለው መጡ፤ በምስሉ ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከገንዳው ውኃ እየሳቡ ወደ አየር ሲረጩ ይታያል፣ ከበስተጀርባው ደግሞ «ኦ ሶሌ ሚዮ» የተባለው የጣሊያን ዘፈን ይሰማል፣ ሚኒስትሩም ላባቸውን እየጠረጉ ያብራራሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ «የእሳት ገንዳ» የሚለው ቃል በደቡብ አፍሪካ የቀልድ፣ የካርቱንና የታክሲ ውስጥ ወግ ማጣፈጫ ሆኖ ቀረ። ሳቁ ግን ከቀልድ ያለፈ ትርጉም ነበረው፤ ምክንያቱም ከአራት ሥራ ፈላጊ አንዱ ያህል ሥራ በማያገኝበት፣ ብዙ የገጠር ቤት የቧንቧ ውኃ በሌለበት አገር፣ ዜጋው የተዘረፈው ገንዘቡን ብቻ እንዳልሆነ፣ እንደ ሕፃን የሚታለል ፍጡር ተደርጎ እንደተቆጠረም የተረዳው ያን ጊዜ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይበልጥ የከፋ ሲሆን፣ ደቡብ አፍሪካውያን «ስቴት ካፕቸር»፣ ማለትም የመንግሥት ምርኮ፣ ብለው የሰየሙት ነው። ይህ ቃል ከተራ ሙስና የሚለይ ትርጉም አለው። በተራ ሙስና ባለሥልጣኑ በተሾመበት ወንበር ተጠቅሞ ጉቦ ይቀበላል፤ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት «ኪራይ ሰብሳቢነት» ሲባል የኖረውም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባልም ሥልጣንን እንደ ቀረበ ገበታ፣ ሹመኛውንም እንደ በላተኛ ያያል። በመንግሥት ምርኮ ግን ዋናው በላተኛ ከሹመኛው ጀርባ ሆኖ ማን እንደሚሾም የሚወስነው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሕዝብ ድምፁን ያልሰጠው ነጋዴ ነው። በደቡብ አፍሪካ ይህን ቦታ ይዘዋል የተባሉት ከሕንድ የመጡት አጄይ፣ አቱልና ራጄሽ ጉፕታ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በሚያዝያ 2013 የቤተሰቡን የሠርግ እንግዶች የጫነ አውሮፕላን ከፕሪቶሪያ አጠገብ በሚገኘው የዋተርክሉፍ የአየር ኃይል ሰፈር ሲያርፍ አገሩ «ማን ፈቀደ?» ብሎ በመገረም ጠየቀ። በ2016 ደግሞ ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ምሴቢሲ ጆናስ፣ በጉፕታዎች ቤት የገንዘብ ሚኒስትርነት ሹመት እንደቀረበላቸው በአደባባይ ተናገሩ፤ ለእንባ ጠባቂዋ ምርመራም 600 ሚሊዮን ራንድ ጭምር ቃል እንደተገባላቸውና እምቢ እንዳሉ መሰከሩ። ዙማም ሆኑ ጉፕታዎች የቀረበባቸውን ሁሉ ያስተባብላሉ።

ነገሩ ከሹክሹክታ ወጥቶ እያንዳንዱ ኪስ የገባው ግን በታኅሣሥ 2015 ነው። ዙማ የተከበሩትን የገንዘብ ሚኒስትር ንላንላ ኔኔን በድንገት አንሥተው፣ ብዙ ሰው ስማቸውን ሰምቶ የማያውቀውን የምክር ቤት አባል ዴስ ቫን ሩየንን ተኩ። ራንድ ወዲያው አሽቆለቆለ፣ የባንኮች አክሲዮን ወደቀ፤ በአራተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ ውሳኔያቸውን አጥፈው ፕራቪን ጎርዳንን ለመሾም ተገደዱ። ሕዝቡ ለቫን ሩየን «የሳምንት መጨረሻ ሚኒስትር» የሚል አንድምታ ያለው ቅጽል ስም አወጣላቸው።

በኅዳር 2016 የማዶንሴላ የመጨረሻ ዘገባ ሲወጣ፣ የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤስኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ብራያን ሞሌፌ ጉፕታዎች በሚኖሩበት ሳክሰንወልድ በተባለው የጆሃንስበርግ የሀብታሞች ሰፈር አካባቢ በጥቂት ወራት ውስጥ 19 ጊዜ እንደተገኙ የስልካቸው መዝገብ አሳየ። ሞሌፌ በማግሥቱ በጋዜጠኞች ፊት እንባቸው እየተናነቃቸው የሰጡት መልስ፣ በዚያ ሰፈር አቅራቢያ «ሸቢን»፣ ማለትም የሰፈር መሸታ ቤት፣ እንዳለ የሚጠቁም ነበር። በቪላ በተሞላው ሰፈር እንዲህ ያለ መሸታ ቤት አይቶ የሚያውቅ አልተገኘም። ከእሳት ገንዳው ቀጥሎ የሳክሰንወልድ መሸታ ቤት የአገር መሳለቂያ ሆነ፤ ኤስኮም ደግሞ አገሩን ለዓመታት በመብራት ፈረቃ ያስመረረ ኩባንያ ስለነበር፣ በጨለማ የሚቀመጠው ሰው ለሳቁ የሚከፍለው ዋጋ ነበረው።

ምሬት ብቻውን መንግሥት አይጥልም፤ ምሬት ሰነድ ሲያገኝ ግን ፍርድ ቤት ይደርሳል። በመጋቢት 31 ቀን 2016 በዋና ዳኛ ሞጎዬንግ ሞጎዬንግ የተመራው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ፣ የእንባ ጠባቂዋ ውሳኔ አስገዳጅ እንደሆነና ፕሬዚዳንቱም ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የመጠበቅ ግዴታቸውን እንዳልተወጡ ፈረደ። በምክር ቤት የተቃዋሚ አባላት «ገንዘቡን መልስ» እያሉ የጮኹት ጩኸት በዚህ መንገድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሆነ። ይሁንና ግምጃ ቤቱ ሲያሰላው የፕሬዚዳንቱ ድርሻ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም የተከፈለው ቪ.ቢ.ኤስ. ከተባለ አነስተኛ ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን፣ ባንኩ ራሱ በ2018 በውስጥ ዘረፋ ተንኮታኮተ። ዕዳው በብድር ተከፈለ፣ አበዳሪውም ተዘረፈ።

የዙማ ውድቀት ከዚያ ፍርድ አስቀድሞ የጀመረና ዘገምተኛ ነበር። በታኅሣሥ 2013 በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በዝናብ በረጠበው የሶዌቶ ስታዲየም፣ የዓለም መሪዎች በተሰበሰቡበት ሕዝቡ በጩኸት ሲያዋርዳቸው፣ ፓርቲያቸው ኤ.ኤን.ሲ. እንደ አልፎ ሂያጅ ነገር አየው። የማንዴላ የእስር ጓደኛ አሕመድ ካትራዳ ዙማ ሥልጣን እንዲለቁ በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ፤ ካትራዳ በመጋቢት 2017 ሲያርፉ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ካሌማ ሞትላንቴ ያንን ደብዳቤ በቀብሩ ላይ ሲያነቡ፣ ሐዘንተኛው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በማግሥቱ ሌሊት ዙማ ጎርዳንን ከሥልጣን አነሡ። በነሐሴ 2017 በምስጢር በተሰጠ የመተማመኛ ድምፅ 177 አባላት እንዲነሡ፣ 198 ደግሞ እንዲቆዩ መረጡ፤ ተቃዋሚዎች ከ400ው መቀመጫ የያዙት 151 ብቻ ስለነበር፣ ቢያንስ 26 የገዥው ፓርቲ አባላት በገዛ መሪያቸው ላይ ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው። በመጨረሻ ያወረዳቸውም ይኸው የራሳቸው ፓርቲ ሲሆን፣ ዙማ በየካቲት 14 ቀን 2018 ሥልጣን ለቀቁ።

ወደ ላይ መውጫ ያጣ ምሬት ወደ ጎን እንደሚፈስ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በሚያዝያ 2015 በደርባንና በጆሃንስበርግ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲነሣ፣ ከተጎጂዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ «ስፓዛ» የሚባሉትን፣ በጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ የሚከፈቱትን አነስተኛ ሱቆች የሚሠሩ፣ ሌሎቹም በጆሃንስበርግ መሃል በጄፒ ጎዳና የሚነግዱ ነበሩ። በውጭ አገር ሰዎች ላይ ለሚነሣው ጥላቻ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ሆኖም ሥራ ያጣው ወጣት ንካንድላ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ባይኖረውም፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ግን ከደጁ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ በሩቅ ለተበላው ሀብት በቅርብ የተገኘው ስደተኛ ዋጋ ከፈለ።

ከውድቀቱ በኋላ የመጣው ዘመን ለሕዝቡ ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረበት። ዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የመሩት የመንግሥት ምርኮ የምርመራ ኮሚሽን ከነሐሴ 2018 ጀምሮ ከ300 በላይ ምስክሮችን ሰማ፤ ችሎቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ስለሚተላለፍ ሕዝቡ ምስክርነቱን እንደ ተከታታይ ድራማ ተከታተለው። በኅዳር 2020 ዙማ በኮሚሽኑ ፊት ቀርበው ዞንዶ ከጉዳዩ እንዲነሡ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ውድቅ ሲሆን በሻይ ዕረፍት ሰዓት ያለ ፈቃድ ወጥተው ሄዱ፣ ካሜራውም ባዶውን ወንበር አሳየ። በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት ድፍረት 15 ወር ተፈርዶባቸው ሲታሰሩ በተነሣው ሁከትና ዘረፋ ከ350 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እርሳቸው ግን ሁለት ወር ሳይሞላቸው በሕክምና ምክንያት ከእስር ወጡ። የጉፕታ ወንድማማቾችን ከዱባይ ለማስመጣት የተደረገውም ጥረት ከሽፏል።

በአማርኛ «ተጠያቂነት» የሚለው ቃል መሠረቱ መጠየቅ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ግን ቃሉ አይናገርም። ደቡብ አፍሪካ በመጠየቅ ረገድ ብዙ አገሮች ያልደረሱበት ደርሳለች፤ እንባ ጠባቂዋ ጠይቃለች፣ ፍርድ ቤቱ ጠይቋል፣ ኮሚሽኑ ለዓመታት ጠይቋል። የተሰጠው መልስ ግን የእሳት ገንዳ፣ መሸታ ቤትና ባዶ ወንበር ነበር። በ2009 ከተመዘገበው መራጭ 77 በመቶ ያህሉ ወጥቶ መርጦ ሳለ፣ በ2024 የወጣው 59 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ በዚያው ምርጫ ኤ.ኤን.ሲ. ወደ 40 በመቶ ሲወርድ፣ ማንዴላ ያቋቋሙትን የትጥቅ ክንፍ ስም የወሰደው የዙማ አዲስ ፓርቲ ከ14 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። ይህን ውጤት የሕዝብ መርሳት አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል። ከቤቱ ያልወጣውም ሆነ ዙማን መልሶ የመረጠው ሰው ስለ ገንዳው አሳምሮ ያውቃል፤ ያጣው ነገር፣ ለጥያቄው ከሌላውም ወገን ቢሆን የተሻለ መልስ አገኛለሁ የሚለው ተስፋ ነው። ምሬት እስካለ ድረስ ሕዝብ ገና ጠያቂ ነው፤ መሪዎች ሊፈሩት የሚገባውም ጩኸቱ ያየለበትን ቀን ሳይሆን፣ ማብራሪያቸውን ሰምቶ የሚስቅ ሰው የጠፋበትን ቀን ነው።