ጠመኔና ግድግዳ

ዛሬ በአሜሪካ አገር ወደምትገኘው ወደ ኒውዮርክ ከተማ በሐሳብ አብረን እንሂድ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ባሕር ያሻግራል። እዚያ የምናገኘው ዕቃ ግን በኛም እጅ አለ። ጠመኔ ነው።

በኒውዮርክ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር አለ። ሠራተኛው ሕዝብ ጠዋትና ማታ የሚመላለሰው በሱ ነው። በየጣቢያው ግድግዳ ላይ የንግድ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ድሮ የማስታወቂያው ጊዜ ሲያልቅ በላዩ ጥቁር ወረቀት ይለጥፉበት ነበር። ይህን ወረቀት አንድ ወጣት አየው። ለሱ ጥቁር ሰሌዳ ሆነለት።

ወጣቱ ኪት ሄሪንግ ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ተወለደ። ሥዕልን በልጅነቱ ከአባቱ ተማረ። በ20 ዓመቱ ኒውዮርክ ገባ። ከ1980 ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል በነዚያ ጥቁር ወረቀቶች ላይ በነጭ ጠመኔ ሣለ። የሚድህ ሕፃን፣ የሚጮህ ውሻ፣ የሚጨፍር ሰው ይሥል ነበር። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ቢሆን ሥዕሉ ይገባዋል። ነገር ግን ሕጉ ስለሚከለክል ፖሊስ ብዙ ጊዜ ያዘው።

አሁን ከባቡሩ እንውረድ። ሐርለም ወደሚባለው ሰፈር እንሂድ። እዚያ ኳስ በእጅ እየመቱ የሚጫወቱበት አንድ ግድግዳ ቆሟል። በአጠገቡ መኪና የሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ያልፋል። በ1986 ክራክ የሚባል የሚጨስ አደንዛዥ ዕፅ የከተማውን ወጣት ይፈጅ ነበር። ከኪት ጋር የሚሠራ አንድ ልጅም በዚሁ ሱስ ተያዘ። ኪት አዘነ፤ ተቆጣም። ማንንም ሳያስፈቅድ ቀለሙን ይዞ ሄደና ክራክ ከንቱ ነው የሚል ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ጻፈበት።

ፖሊስ ያዘው፤ ገንዘብም ተቀጣ። ቆይቶ ሌላ ሰው ጽሑፉን ለወጠና ክራክን የሚያወድስ አደረገው። የከተማው ሠራተኞችም ቀለም ቀብተው አጠፉት። በኋላ ግን የከተማው የመናፈሻ ሹም ራሳቸው እንደገና እንዲሥለው ጠየቁት። በዚያው ዓመት እንደገና ሣለው። ግድግዳው እየታደሰ እስከ ዛሬ አለ።

ኪት በ1988 የኤድስ በሽታ እንዳለበት አወቀ። ነገሩን አልደበቀም። በ1989 ሕፃናትንና የኤድስ ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። በ1990 በ31 ዓመቱ ዐረፈ። ድርጅቱ አሁንም ይሠራል።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እውነት ነው። የሐርለሙ ግድግዳ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል። የተጻፈም ነገር ሊጣመም ይችላል። ማንበብ የማይችል ሰው መጣመሙን በምን ያውቃል? እንግዲህ ስናነብ፣ ይህን ማን ጻፈው? ለምንስ ጻፈው? ብለን እንጠይቅ። ደግሞም መጻፍ ተምረናልና እውነቱ ሲጠፋ መልሰን እንጻፈው። ጠመኔው በእጃችን ነው።