እጅም ይማራል

ውድ ተማሪዎች፣ ከብት ሲጠብቅ የዋለ አንድ የገጠር ልጅ በሐሳባችሁ ሣሉ። ከብቶቹ ጠግበው ሲያመሰኩ እርሱ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥቶ ያቦካል። ከጭቃውም ሁለት በሬዎች ይሠራል፤ ከእንጨት ስንጣሪ ቀንበርና ሞፈር ያበጃል፤ በሬዎቹንም ጠምዶ ያርሳል። አላፊ አግዳሚው ሲያየው የሚጫወት ብቻ ይመስለዋል። ልጁ ግን በጨዋታው ውስጥ እየተማረ ነው። ቀንበሩ በበሬው ጫንቃ ላይ ካልተስተካከለ እንደሚያጋድል፣ ሞፈሩ ከልክ በላይ ካጠረም እንደማያስኬድ ማንም ሳይነግረው በጣቶቹ ያውቀዋል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ዐይነቱ ዕውቀት ነው። ዕውቀት በጆሮና በዐይን ብቻ የሚገባ ይመስለናል፤ ነገር ግን በእጅም ይገባል። በእጅ የገባውም ዕውቀት እንደ ሌላው በቀላሉ አይወጣም።

ይህን ሐሳብ ታላላቅ መምህራን ከጥንት ጀምሮ ሲያራምዱት ኖረዋል። ኮሜኒዩስ የተባለው የሞራቪያ ሊቅ ሕፃናት ቃልን ከነገሩ ጋር አዛምደው ይማሩ ዘንድ በ1658 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሥዕል የተሞላ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በ1837 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ፍሪድሪክ ፍሮበል በጀርመን አገር ለሕፃናት ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ከመጽሐፍ ይልቅ የእንጨት ኳስና ጡብ በእጃቸው አስያዛቸው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ጣሊያናዊት ሐኪምም በ1907 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ በድኾች ሰፈር በከፈተችው ቤት ልጆች ፊደልንና ቁጥርን በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲማሩ አደረገች።

ይህን ሁሉ ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቁም ነገሩን የተረዳሁት ግን በ1974 ዓ.ም. የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በጎጃም በጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንድ የጣውላ ሣጥን ፊት ቆሜ ነው።

ያን ጊዜ በቤታችን አንድ ጭንቀት ነበረ። የአባቴ ማሳ ከዳገቱ ላይ፣ የጎረቤታችን ማሳ ደግሞ ከዚያው በታች ነው። አባቴ ጤፍ በዘራ ቁጥር ውሃው ማሳው ላይ እንዳይተኛ ከላይ ወደ ታች ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ሁሉ የሚያበቃው ከወሰኑ ላይ ነው። ከወሰኑ ወዲያ ውሃው የት እንደሚሄድ አባቴ አይጠይቅም ነበር። ጎረቤታችን ግን በየክረምቱ ያየዋል፤ በማሳው መካከል መጀመሪያ ስንጥቅ፣ ቀጥሎ ቦይ፣ በመጨረሻም በሬ የማያሻግር ቦረቦር ተከፈተ። አንድ ቀን ማለዳ ከደጃችን ቆሞ «መሬቴን በላኸው!» ብሎ ጮኸ። አባቴም «ዝናቡን እኔ አላዘነብሁት!» ሲል መለሰለት። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፤ ሁለት ጊዜም ሳያስማሙ ተነሡ። እኔ ልጅ ነኝና ከአባቴ ጎን ነበርሁ። ጎረቤታችን ምቀኛ መሆኑን ከልቤ አምን ነበር።

በዚያው ዓመት የሳይንስ መምህራችን ስለ አፈር መሸርሸር ሊያስተምሩን ሁለት የጣውላ ሣጥኖች ይዘው መጡ። ሣጥኖቹን በላስቲክ አለበስን፤ እኩል አፈር ሞላን፤ አንደኛውን ጫፍ በድንጋይ ከፍ አድርገን ተዳፋት ሠራን። የአንዱን ሣጥን አፈር ራቁቱን ተውነው፤ የሌላውን ግን ከሜዳ ከነሥሩ ፈንቅለን ባመጣነው ሣር ሸፈንነው። በታችኛው ጫፍ ከየሣጥኑ አፍ ሥር አንዳንድ የብርጭቆ ዕቃ አስቀመጥን። ዝናቡም ተዘጋጀ፤ ይኸውም ከሥሩ በሚስማር የተበሳሳ ጣሳ ነበረ።

መምህራችን ውሃውን ከማፍሰሳቸው በፊት «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁን፤ መልሳችንንም በሰሌዳው ላይ ጻፉት። አብዛኞቻችን ከሁለቱም ሣጥን እኩል ውሃ ይወጣል አልን። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ መጠን ያለው ውሃ አዘነብን። ከራቁቱ ሣጥን ወዲያው ቡና የመሰለ ጎርፍ ወርዶ ዕቃውን ሞላው። ከሣሩ ሣጥን የመጣው ግን ዘግይቶ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ጠራ ብሎ ነበር። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግምታችን አፍጥጦ ይመለከተን ነበር። ተማሪዎች ሆይ፣ ስሕተትን አስቀድሞ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስተምር ያን ቀን ተረዳሁ። ግምቱ ባይጻፍ ኖሮ ሁላችንም «እኔማ ዐውቄው ነበር» ባልን ነበር።

ከሁሉ የበለጠው ትምህርት ግን የመጣው በማግሥቱ ሳምንት ነው። መምህራችን አሁን ሣጥኖቹን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን ከሌላው በታች እንድናስቀምጥ አዘዙን። ክፍሉንም ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን «የላይኛው ገበሬ»፣ ሌላውን «የታችኛው ገበሬ» አሉት። ለእኔ የታችኛው ደረሰኝ። በሣጥናችን ውስጥ ጤፍ ዘራንበት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እንደ አረንጓዴ ጠጕር ብቅ አለ። በየዕረፍቱ እየሄድን እናየው ነበር። ዘሩ ጨዋታ መሆኑ ተረሳን፤ ማሳችን ሆነ።

ዝናቡ በዘነበ ዕለት በላይኛው ሣጥን ውሃ ተኛ። የላይኞቹ ልጆች ክፋት አልነበረባቸውም። ዘራቸው ሲሰጥምባቸው በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ቦይ ቀደዱ። የተጠራቀመው ውሃ በዚያች ቦይ ሰብሰብ ብሎ ወረደና የእኛን ማሳ ከመካከሉ ሰነጠቀው። ቡቃያው ከነአፈሩ ተጠርጎ ከሣጥኑ ወጣ። እኔም ራሴን መቈጣጠር አቅቶኝ «መሬቴን በላችሁት!» ብዬ ጮኽሁ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የማን ቃል እንደ ሆነ ዐወቅሁት። ከደጃችን ቆሞ የጮኸው ጎረቤታችን ፊቱ ድቅን አለብኝ። ያን ሰው ምቀኛ ስለው የኖርሁት እኔ ነበርሁ።

መምህራችን አልተቈጡኝም። ወደ ሁለቱም ወገን ዘወር ብለው «የላይኛው ገበሬ ውሃውን የት ያድርሰው? ማሳው ላይ ቢያስተኛው ዘሩ ይሞታል፤ ወደ ታች ቢለቀው የሌላው ይሞታል» አሉን። ለሁለት ክፍለ ጊዜ ተከራከርን። በመጀመሪያ ወሰኑ ላይ አግድም ቦይ ሠራን፤ ቦዩ ዝንባሌ ስላልነበረው ውሃው ሞልቶ ከመካከሉ ፈረሰ። በሁለተኛው ሙከራ ቦዩን በመጠኑ አዘንብለን ውሃውን ወደ ዳር ወሰድንና ሣር በለበሰ መውረጃ አወረድነው። ይህም ያዘ። ነገር ግን መውረጃው የሚያልፈው በታችኛው ገበሬ መሬት ዳር ነበረ። ስለዚህ የታችኛው ጥቂት መሬት መልቀቅ፣ የላይኛው ደግሞ ቦዩን በጉልበቱ መቈፈርና መጥረግ ግድ ሆነ። አንዱ ያለ ሌላው ማሳውን ሊያድን አይችልም ነበር። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሳይንስና የጎረቤት ሕግ አብረው ተገኙ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሌላ ፈተና ገጠመኝ። አባትን «ተሳስተሃል» ማለት በእኛ አገር ለልጅ የተፈቀደ አይደለም። ብዙ ቀን ዝም አልሁ። በኋላ ከቤታችን ጓሮ ካለው ዳገት ላይ ያንኑ አምሳያ በአፈር ሠራሁና ውሃ በጣሳ አፈስበት ጀመር። አባቴ ሲያልፍ አየኝና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ሥቆ ሄደ። በማግሥቱ ግን መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጣሳውን ከእጄ ወስዶ እርሱ ራሱ አፈሰሰ። ውሃው በፈሰሱ ወርዶ የታችኛዋን ማሳ ሲሰነጥቅ አየ። አፈሩን መልሶ በመዳፉ ደለደለና እንደገና አፈሰሰ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ አደረገ። በመጨረሻ «ይህች የታችኛዋ የማን ናት?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ዐይኔን ወደ መሬት ጥዬ «የእኔ ናት፤ በትምህርት ቤት የደረሰኝ የታችኛው ነው» አልሁት። አባቴ አንዳች አልተናገረም፤ ጣሳውን አስቀምጦ ተነሣ።

በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁለቱ ሰዎች ከወሰኑ ላይ አብረው ሲቈፍሩ አገሬው አየ። ቦረቦሩ አልጠፋም፤ የሄደ አፈር አይመለስምና። የአንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር ድረስ በመቶ የሚቈጠሩ ዓመታት ያስፈልጉታል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ቦረቦሩ አልሰፋም። አባቴን ያሳመነው የእኔ ንግግር አልነበረም። ያሳመነው የገዛ እጁ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የሣጥኑን ታሪክ ስታነቡ የጮቄን ወንዞችም አስቡ። ከዚያ ተራራ የሚነሡት ውሃዎች አፈር ተሸክመው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከዚያ በታች ነው። ከላይ ያለው ገበሬ የሚለቀው ደለል ከታች ያለውን ሐይቅ ይሞላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደ ተባለ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዘገየ በኋላ ነው። ይህን አስቀድመው የተረዱ አባቶች አሉን። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ ተራራውን በእርከን አልብሶታል፤ መልክዐ ምድሩም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከኑን ማንም ለብቻው አልሠራውም፤ ልጅም ከአባቱ ጎን ድንጋይ እያቀበለ ነው የተማረው።

ይሁን እንጂ አምሳያን እንደ እውነቱ አድርጋችሁ እንዳትቀበሉት አደራ እላለሁ። ማንኛውም አምሳያ አንድ እውነት ሲያሳይ ሌላውን ይሸሽጋል። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲመታ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ይፈጥናል፤ ከአንድ ሜትር ከፍታ በጣሳ የምታዘንቡት ጠብታ ግን ከዚህ ፍጥነት ግማሹን እንኳ አያገኝም። እንግዲህ እውነተኛው ዝናብ ከሣጥኑ ዝናብ የባሰ ነው። ፀሐይንና ምድርን በጭቃ ስትሠሩም ይኸው ይገጥማችኋል። ምድርን 8 ሚሊ ሜትር በሆነች ሽምብራ ብትመስሏት፣ ፀሐይ 87 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ድቡልቡል መሆን አለባት፤ ሽምብራዪቱም ከእርስዋ 94 ሜትር ያህል ርቃ መቀመጥ ይኖርባታል። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አቀራርቦ ያስቀመጠ ልጅ ትምህርት ሳይሆን ስሕተት ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አምሳያ ሠርታችሁ ስትጨርሱ «ይህ ምን ያሳያል?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ምን ይደብቃል?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏችሁ፤ ነገም መምህራን የምትሆኑ አላችሁ። ልጅን ልታስተምሩ ስትነሡ ብዙ ገንዘብ አትሹ። በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ልታሳዩ ብትፈልጉ፣ የአንዱን ልጅ መዳፍ የጠመኔ ዱቄት ቀቡና ልጆቹ ሁሉ እጅ ለእጅ እንዲጨባበጡ አድርጉ፤ ዱቄቱ የት የት እንደ ደረሰ ራሳቸው ይቍጠሩ። ከዚያ በኋላ ስለ እጅ መታጠብ ረጅም ስብከት አያስፈልጋችሁም።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። አምሳያውን እናንተ ሠርታችሁ ልጁ ቆሞ እንዲያይ አታድርጉ። ጭቃውን እርሱ ያቡካው፤ ውሃውንም እርሱ ያፍስሰው፤ ቢሳሳትም እርሱ ይሳሳት። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ በታችኛው ሣጥን በኩል አቁሙት። ከላይ ሆኖ የማይታይ ነገር ከታች ሲቆሙ ይታያልና።